ፒ25ን ለካርቦን ዳይኦክሳይድ ሥራ መግዛት ያዋጣል?

የፒ25 ዕቃ ሲከፈት መጀመሪያ የሚገርመው ቅለቱ ነው። ከጤፍ ዱቄት እጅግ የላመ ነጭ ብናኝ ነው፤ ትንፋሽ ያነሣዋል፣ ጓንት ላይ ይጣበቃል፣ የአንድ ሊትር ዕቃ እየጠቀጠቃችሁ ብትሞሉት እንኳ ከ150 ግራም በላይ አይገባም። አምራቹ የጀርመኑ ኢቮኒክ ነው። ቀድሞ በደጉሳ ስም ይሸጥ ስለነበር በቆዩ ጽሑፎች «ደጉሳ ፒ25» እየተባለ ይገኛል፤ ዛሬ የንግድ ስሙ ኤሮክሳይድ ፒ25 ነው። ነገሩ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው፤ የግድግዳ ቀለምን የሚያነጣው ያው ውህድ። የሚለየው አሠራሩ ነው፤ የታይታኒየም ቴትራክሎራይድ ተን በሃይድሮጅንና በኦክስጅን ነበልባል ውስጥ ሲያልፍ የሚፈጠረው ጭስ ተይዞ ነው ዱቄቱ የሚገኘው። ከዚያ ሂደት የሚተርፍ ጥቂት ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ስላለበት፣ ውሃ ውስጥ ሲበጠበጥ ፒኤቹ በ3.5 እና በ4.5 መካከል ይሆናል። ይህን ያላወቀ ሰው ውሃው የተበላሸበት ይመስለዋል።

በብርሃን ኃይል ካርቦን ዳይኦክሳይድን ወደ ሚቴን፣ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወይም ወደ ሜታኖል ለመለወጥ የሚነሣ ቤተ ሙከራ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያዘው ይህንን ዱቄት ነው። ምክንያቱ ጉብዝናው አይደለም። ሌላው ሁሉ አዲስ ካታሊስት (ለውጡን የሚያፋጥን ነገር) ሲያወጣ «ከፒ25 ይህን ያህል እጥፍ ይበልጣል» ብሎ ስለሚጽፍ ነው። ጨርቅ የሚለካበት ሜትር ነው እንጂ ጨርቁ አይደለም። ሜትር ፈልጎ ለሚገዛው እናመሰግነዋለን፤ ነዳጅ ላወጣበት ብሎ ለሚገዛው ግን ገንዘቡን ይያዝ እንላለን።

የቅንጣቶቹ ገጽ ስፋት በግራም 50 ስኩዌር ሜትር ነው፤ አምራቹ ራሱ 15 ወደላይም ወደታችም ሊል እንደሚችል ይጽፋል። የአንዷ ቅንጣት መጠን በአማካይ 21 ናኖሜትር ነው። ስለ ውስጡ የተለመደው አባባል «80 በመቶ አናቴዝ፣ 20 በመቶ ሩታይል» የሚለው ነው፤ ሁለቱ የዚሁ ውህድ የተለያዩ የክሪስታል ቅርጾች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 የጃፓኑ የሆካይዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለያይተው ሲመዝኑት ግን 78 አናቴዝ፣ 14 ሩታይል፣ 8 ደግሞ የክሪስታል ቅርጽ የሌለው ታይታኒያ (ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ) አገኙ፤ ይባስ ብሎ ከአንድ ዕቃ ውስጥ እንኳ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ስለዚህ ለአንድ ጥናት የሚበቃችሁን ሁሉ ከአንድ የምርት ቁጥር ግዙ። ስትቀዱም ከላይ ብቻ አትዝገኑ፤ ከላይም ከሥርም ከጎንም አውጥታችሁ ደባልቁ። ኤክስሬይ ዲፍራክሽን (የክሪስታል ዓይነትን የሚለይ መሣሪያ) ካላችሁ በ25.3 ዲግሪ የአናቴዙን፣ በ27.4 ዲግሪ የሩታይሉን ጉልላት አንብቡ፤ የሩታይሉን ቁመት ለአናቴዙ አካፍላችሁ በ1.26 አባዙ፣ አንድ ጨምሩበት፣ ከዚያ አንድን ለዚያ አካፍሉት። የአናቴዙ ድርሻ ይወጣል። ቅርጽ የሌለው 8 በመቶ በዚህ ስሌት ውስጥ አይታይም።

ለምን ደካማ እንደሆነ ለመረዳት ሦስት አራት ቁጥር ይበቃል። አናቴዝ የሚቀሰቀሰው ከ388 ናኖሜትር ባጠረ ብርሃን ነው፤ ይህ ደግሞ ምድር ከሚደርሰው የፀሐይ ኃይል ከ4 እስከ 5 በመቶው ብቻ ነው። ብርሃኑ ሲመታው የሚነሣው ኤሌክትሮን በፒኤች 7 ወደ −0.5 ቮልት ገደማ ኃይል አለው። ለካርቦን ዳይኦክሳይድ አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ለማቀበል ግን −1.9 ቮልት ያስፈልጋል፤ አይደረስበትም። መንገዱ ኤሌክትሮንን ከፕሮቶን ጋር ደርቦ ደጋግሞ መስጠት ነው፤ በዚህ መንገድ ካርቦን ሞኖክሳይድ በ−0.53 ቮልት ሁለት ኤሌክትሮን፣ ሜታኖል በ−0.38 ስድስት፣ ሚቴን በ−0.24 ስምንት ይጠይቃሉ። ጎናቸው ደግሞ ሃይድሮጅን ቆሟል፤ −0.41 ቮልት፣ ሁለት ኤሌክትሮን ብቻ። ኤሌክትሮኑ ከውሃው ፕሮቶን ጋር መሄድ ይቀለዋል፤ ካልሆነም ሲነሣ ከተወው ባዶ ቦታ (ቀዳዳ) ጋር ተመልሶ ይገጥምና ሙቀት ሆኖ ይቀራል። አብዛኛው የሚያልቀው በዚህ በመጨረሻው ነው።

ዱቄቱን ውሃ ውስጥ በጥብጦ ማብራት ጥንታዊው መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ኢኖዌ፣ ፉጂሺማ፣ ኮኒሺና ሆንዳ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድንና ሌሎች ዱቄቶችን በዚሁ መልክ ሞክረው ፎርሚክ አሲድ፣ ፎርማልዴሃይድና ሜታኖል ማግኘታቸውን አሳውቀዋል። ለፒ25 ግን አይመከርም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስና በባሕር ጠለል ግፊት በሊትር ውሃ 1.45 ግራም ገደማ ብቻ ነው የሚሟሟው፤ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ሲከፈት የሚፈላው ከዚህ በላይ በግፊት የታጨቀው ነው። በፒኤች 6.5 አካባቢ ደግሞ የዱቄቱ ገጽ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ስለሚያጣ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተያይዘው ይዘቅጣሉ። ዋናው ችግር ግን ሌላ ነው፤ ፒ25 በውሃ ውስጥ ያለ ኦርጋኒክ ቆሻሻን በማቃጠል የታወቀ ዱቄት ነው። ሜታኖል ቢሠራም መልሶ ይበላዋል።

ስለዚህ ዱቄቱን ደረቅ አድርጎ በእርጥብ ጋዝ መሥራት ይሻላል። ልኩ ይህ ነው፤ 50 ሚሊ ግራም ዱቄት በ2 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ 10 ደቂቃ በአልትራሳውንድ ይመታል፣ 10 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው የመስታወት ክር ማጣሪያ ላይ ይንጠባጠባል፣ በ80 ዲግሪ ይደርቃል። ቶሎ ይደርቅልኛል ብሎ በኤታኖል መበጥበጥ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ለምን ስሕተት እንደሆነ ከታች ይመጣል። ማጣሪያውም አስቀድሞ ባዶውን በ450 ዲግሪ መቃጠል አለበት። የደረቀው ከነማጣሪያው በአየር ውስጥ በደቂቃ 5 ዲግሪ እየጨመረ 450 ደርሶ 4 ሰዓት ይቆያል። ከ600 ዲግሪ ማለፍ አይገባም፤ አናቴዙ ወደ ሩታይል ይዞራል፣ ቅንጣቶቹ ይቀልጣጠሉና ስፋቱ ይወድቃል፣ ያኔ የያዛችሁት ፒ25 አይደለም።

ማብሪያ ዕቃው ከማይዝግ ብረት የተሠራ፣ ባለ ኳርትዝ መስኮት፣ 100 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ይሁን። በ365 ናኖሜትር ኤልኢዲ ብቻ የሚሠራ ሰው ኳርትዝ ባያገኝ ፓይሬክስም ያሳልፍለታል። መገጣጠሚያው ላይ ቅባት አይደረግም። የጋዝ መውሰጃዋ የጎማ መውጊያ በአሉሚኒየም ወረቀት ትሸፈን፤ የዩቪ ብርሃን ካገኛት ራሷ ሚቴን ትተፋለች። አየሩን መጥጦ በአርጎን መሙላት ሦስት ጊዜ ይደረጋል፣ ከዚያ 99.999 በመቶ ንጹሕ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በ25 ዲግሪ ውሃ ውስጥ እየተንቦጨቦጨ ይገባል። ለብየዳ ወይም ለለስላሳ መጠጥ የሚሸጠው ሲሊንደር ለዚህ ሥራ አይሆንም። አንድ ሰዓት በጨለማ ይቆይና የመጀመሪያው ናሙና ይወሰድ፤ ዜሮ መሆን አለበት።

መብራቱ 300 ዋት ዜኖን ከሆነ ኃይሉን ካታሊስቱ በሚተኛበት ቦታ ላይ በመለኪያ ለኩት፤ አምፖሉ እያረጀ ሲሄድ ብርሃኑ ይቀንሳልና በዓመቱ መጀመሪያና መጨረሻ የተሠራ ሥራ አይነጻጸርም። ሙቀቱን ለመምጠጥ ውሃ የተሞላ የብርሃን ማጣሪያ ፊት ለፊቱ ይቀመጥ። መብራት ሄድ መጣ በሚልበት አገር ዜኖን አስቸጋሪ ነው፤ የጋለ አምፖል እስኪቀዘቅዝ መልሶ ማብራት አይመከርም፤ መሀል ላይ የተቋረጠ ሙከራ ደግሞ ከእንደገና ነው። ኤልኢዲ ከትንሽ ባትሪ ጋር ይሻላል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። እርቃኑን ያለ ፒ25 በእንዲህ ዓይነት ሁኔታ የሚሰጠው በግራም በሰዓት ከአንድ ማይክሮሞል በታች እስከ ጥቂት ማይክሮሞል ነው። አንድ ማይክሮሞል ነው እንበል። 50 ሚሊ ግራሙ በሰዓት የሚያወጣው 0.05 ማይክሮሞል ይሆናል፤ 100 ሚሊ ሊትሩ ዕቃ ውስጥ ይህ በሚሊዮን 12 ክፍል ነው። በሙቀት ማስተላለፊያ ጠቋሚ አይታይም፤ ጋዝ ክሮማቶግራፉ (ጋዞችን ለያይቶ የሚለካው መሣሪያ) የነበልባል ጠቋሚና ካርቦን ሞኖክሳይዱን በኒኬል ወደ ሚቴን የሚለውጥ ክፍል ያስፈልገዋል። ለሃይድሮጅኑ ግን የሙቀት ማስተላለፊያው ከአርጎን ተሸካሚ ጋር ይሠራል።

አዲስ አበባ ለሚሠራ ሰው አንድ ነገር ሳይጠቀስ አይታለፍም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ወደ 76 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል። በዙሪያው ግፊት የተሞላው ያው ዕቃ የሚይዘው 4.09 ሚሊሞል ጋዝ ሳይሆን 3.07 ነው። መሣሪያው የሚያነበው ድርሻን ነው፤ ያንን ድርሻ ከመጽሐፍ በተወሰደ 24.5 ሊትር በሞል አስልቶ የጻፈ ሰው ምርቱን በሲሶ አጋንኖ ይጽፋል። ውሃ ውስጥ የሚሟሟውም በዚያው ልክ ያንሳል። ባሮሜትር ገዝታችሁ ከጋዝ ክሮማቶግራፉ አጠገብ ስቀሉ።

እንግዲህ የዚህ ዱቄት ትልቁ ጉድ። በአምስት ሰዓት 0.25 ማይክሮሞል ካርቦን ሞኖክሳይድ ለማግኘት የሚያስፈልገው ካርቦን 3 ማይክሮ ግራም ነው። ከ50 ሚሊ ግራሙ ዱቄት 0.006 በመቶ መሆኑ ነው። ይህን ያህል ካርቦን ከጣት ቅባት፣ ከጎማ፣ ከኤታኖል ቅሪት፣ አጠገብ ከተከፈተ የአሴቶን ጠርሙስ ይመጣል። ታይታኒያው ቆሻሻውን በብርሃን እየሰነጠቀ ሚቴንና ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ባለቤቱ ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተለወጠልኝ ብሎ ይጽፋል። እ.ኤ.አ. በ2010 የኔዘርላንድስና የታይዋን ተመራማሪዎች በመዳብ በተለበጠ ታይታኒያ ላይ ካርቦን-13 (ከተለመደው ካርቦን በክብደት የሚለይ የካርቦን ዓይነት) የያዘ ጋዝ ተጠቅመው ይህንኑ አሳዩ፤ ከወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ውስጥ ዱቄቱ ላይ ከነበረው የካርቦን ቅሪት የመጣ አለበት። ከዚያ በፊት የታተመ ቁጥር ሲነበብ ይህን ማስታወስ ይጠቅማል። ከዚያ በኋላ የታተመውም ቢሆን ሁልጊዜ አይታመንም።

መፈተኛው አይከብድም፣ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ። ዱቄቱ ከእቶን እንደወጣ ወደ ዕቃው ይግባ፣ በእርጥብ አርጎን ውስጥ ይብራ፤ ምንም የካርቦን ምርት የማይታይበት ደረጃ እስኪደርስ፣ ሌሊቱን ሙሉም ቢሆን። ከዚያ ብቻ ነው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚገባው። ይህን አልፎ የሚመጣ ምርት ጆሮ ሊሰጠው ይገባል። ያለ ብርሃን፣ ያለ ዱቄት፣ ያለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚደረጉት ሦስቱ ባዶ ሙከራዎች በተመሳሳይ ሰዓትና ሙቀት ይሠሩ። የምርቱ ፍጥነት በመጀመሪያው ሰዓት ከፍ ብሎ ከዚያ የሚያሽቆለቁል ከሆነ ጠርጥሩ፤ ዱቄቱ ደክሞም ሊሆን ይችላል፣ ቆሻሻው አልቆም ሊሆን ይችላል፤ የሚለየው የአርጎኑ ሙከራ ነው።

ካርቦን-13 የሚገዛ ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለበት። በማስ ስፔክትሮሜትር (ሞለኪውሎችን በክብደታቸው የሚለይ መሣሪያ) የተለመደው ካርቦን ሞኖክሳይድ 28 ላይ ይታያል፤ ናይትሮጅንም 28 ነው፣ ስለዚህ ትንሽ የአየር ስርቆት ሁሉን ያበላሻል። ባለ 13ቱ 29 ላይ ይመጣል ተብሎ ይጠበቃል፤ ነገር ግን ካርቦን-13 ዳይኦክሳይዱ ራሱ መሣሪያው ውስጥ ሲሰባበር 29ን ይሰጣል። ባለ 13ቱ ሚቴን 17 ላይ ነው፤ ከውሃ የሚሰበረው ክፍልም 17 ነው። ስለዚህ ጋዞቹ መጀመሪያ በክሮማቶግራፍ ተለያይተው፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ በሚወጣበት ደቂቃ ላይ ብቻ 29 ይነበብ። «29 አይተናል» ማለትም አይበቃም፤ ከጠቅላላው ካርቦን ሞኖክሳይድ ስንት በመቶው ባለ 13 እንደሆነ ካልተጻፈ ነገሩ ግማሽ ነው።

ኦክስጅኑም ይቆጠር። ለሁለት ካርቦን ሞኖክሳይድ አንድ ኦክስጅን፣ ለአንድ ሚቴን ሁለት ኦክስጅን መውጣት አለበት። ጥቂቱ ዱቄቱ ገጽ ላይ ሊቀር ይችላል። ናይትሮጅን አብሮት በ3.7 እጥፍ ከታየ ግን ያ ኦክስጅን ከክፍሉ አየር የገባ ነው፤ ብሎኑን አጥብቁ።

ብርሃኑን ምን ያህል እንደተጠቀመበት እንመልከት። በ365 ናኖሜትር 10 ሚሊ ዋት በስኩዌር ሴንቲ ሜትር፣ በ10 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ላይ 0.1 ዋት ነው፤ በሰዓት 1.1 ሚሊሞል ፎቶን። 0.05 ማይክሮሞል ሚቴን ስምንት ስምንት ኤሌክትሮን ይዞ 0.4 ማይክሮሞል ኤሌክትሮን ነው። ሲካፈል 0.036 በመቶ። ከ10,000 ፎቶን ሦስት ወይም አራቱ ብቻ ሥራ ሠሩ ማለት ነው።

ይህን ወደ ማዕድ ቤት እናምጣው። አንድ ኪሎ ፒ25 በዚያው ውፍረት ቢነጠፍ 20 ስኩዌር ሜትር ይሸፍናል። በቀን 10 ሰዓት ያንኑ የዩቪ ብርሃን ቢያገኝ የሚሰጠው 10 ሚሊሞል ሚቴን ነው፤ 0.16 ግራም። አንድ ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ አዲስ አበባ ላይ እስኪፈላ ወደ 300 ኪሎ ጁል ይፈጃል፤ አንዲት ሙቀት ሳትባክን እንኳ ለዚያ የሚሆን ሚቴን ለመሰብሰብ 38 ቀን ይወስዳል። ቡናው ይቆይ። በአንጻሩ በአይስላንድ ስቫርትሴንጊ ያለው የጆርጅ ኦላ ፋብሪካ በዓመት 4,000 ቶን ሜታኖል ከካርቦን ዳይኦክሳይድ የማምረት አቅም እንዲኖረው የተሠራ ነው፤ ግን ካታሊስቱ ላይ ብርሃን አይበራም፤ ሃይድሮጅኑ በኤሌክትሪክ ከውሃ ተለይቶ፣ ከጋዙ ጋር በግፊትና በሙቀት ነው የሚዋሃደው።

ፕላቲነም በመለበጥ ኃይሉን ማሳደግ ይቻላል፤ ሚቴኑ ይጨምራል፣ ሃይድሮጅኑም አብሮ ይጨምራል፣ ምክንያቱም ፕላቲነም ለሃይድሮጅን የታወቀ ካታሊስት ነው። ለአንድ ግራም ዱቄት 1 በመቶ ለመለበጥ 10 ሚሊ ግራም ፕላቲነም፣ ማለትም 26.5 ሚሊ ግራም ክሎሮፕላቲኒክ አሲድ ከነስድስት ውሃው ይመዘናል። የተለመደው መንገድ በ10 በመቶ ሜታኖል ውስጥ በብርሃን ማስቀመጥ ነው። ከላይ የተነገረው የካርቦን ነገር እዚህ ይመጣል፤ ሜታኖሉ ዱቄቱ ላይ ይቀርና በኋላ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሆኖ ይወጣል። ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ አድርቆ፣ በ400 ዲግሪ አቃጥሎ፣ በሃይድሮጅን ወደ ብረትነት መመለስ ከካርቦን የነጻ መንገድ ነው።

አማራጮቹን በአጭሩ። የዚያው አምራች ፒ90 በግራም ወደ 90 ስኩዌር ሜትር ይሰፋል፤ የስፋትን ሚና ብቻ ለመለየት ጥሩ ጓደኛ ነው። ግራፊቲክ ካርቦን ናይትራይድ ከሜላሚን ወይም ከዩሪያ በክዳን በተዘጋ ሸክላ ውስጥ በ550 ዲግሪ ይጋገራል፤ ርካሽ ነው፣ እስከ 460 ናኖሜትር ድረስ ያለውን የሚታይ ብርሃን ይቀበላል። ግን ሰውነቱ ራሱ ካርቦን ስለሆነ፣ ምርቱ ከጋዙ ይምጣ ከዱቄቱ ለማወቅ ከፒ25 የባሰ ያስቸግራል።

አገዛዙ ላይ መጠንቀቅ የሚገባው ስሙ ነው። «ናኖ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ፣ 80/20» ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ ፒ25 አይደለም፤ የምርት ቁጥርና የስፋት ልኬት ያለበት የምስክር ወረቀት ጠይቁ። ከቀለም ሱቅ የሚገኘው ደግሞ ቀለሙ በፀሐይ እንዳይፈረፈር ሆን ተብሎ በአሉሚናና በሲሊካ የተሸፈነ ነው፤ ለዚህ ሥራ የሞተ ነው። የገዛችሁት ሕያው መሆኑን ለማየት 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ 1 ሚሊ ግራም ሜቲሊን ብሉና 100 ሚሊ ግራም ዱቄት አድርጋችሁ እያማሰላችሁ ዩቪ አብሩበት፤ ሰማያዊው እየደበዘዘ ይሄዳል። ይህ ስለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ምንም አይናገርም፤ ዱቄቱ ብርሃን እንደሚቀበል ብቻ ያሳያል።

ስትመዝኑ የአየር መሳቢያውን ነፋስ ዝቅ አድርጉ፣ ጭንብል አጥልቁ፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በትንፋሽ የሚገባ የታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ብናኝን ካንሰር ሊያመጣ ይችላል በሚለው ምድብ 2ቢ ውስጥ አስቀምጦታል። የተረፈውን በጥብቅ ክዳን ከአሴቶንና ከኤታኖል መደርደሪያ ራቅ አድርጋችሁ አኑሩ፤ ላዩ ላይ የምርት ቁጥሩን፣ የተከፈተበትን ቀንና ለመጨረሻ ጊዜ የተቃጠለበትን ቀን ጻፉ። ባለፈው ሳምንት የተቃጠለው ዱቄት ዛሬ ንጹሕ አይደለም፤ እንደገና 450 ይግባ።